ያዛጋኝ ክኒኑ ነበር

ነገሩ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችንን ቃለ ጉባኤ ፈርሜበት ከበር ሳልወጣ እረሳዋለሁ። ይኼ ግን አልረሳ ብሎኛል። አንደኛ ነገር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሰይጣን አለባት ተብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይረሳም። ሁለተኛው ምክንያት የሚያኮራ ስላልሆነ ወደ መጨረሻው ብናገረው ይሻለኛል።

የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ሰው ፋይሌ ጠፋ ብሎ ሲመጣ የምትቆጣዋ ሴትዮ እኔ ነኝ። ምላሷ አያድርስ ነው ይሉኛል፣ አልክድም። ባል ነበረኝ፣ ፈታሁት። ልጅ የለኝም። ያለችኝ አንድ ታላቅ እህት ናት፤ እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስሟ አስካለ ነው፣ እኔ እትዬ እላታለሁ። ከተማው ዳር በግ ታረባለች፣ ጠላ ትጠምቃለች። እሷ ሳትሰማ መሐል ሜዳ ውስጥ የሚወለድም የሚሞትም የለም።

ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንድ ነገር ያዘኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ማንም አልሞተብኝም፣ ማንም አልበደለኝም። ጠዋት ዓይኔ ይከፈታል፣ ሰውነቴ ግን አይነሳም። እህል አፌ ውስጥ ገለባ ሆነ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ደግሞ መቆጣት ማቆሜ ነው። አንድ ባለጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ፋይሌን አገኛችሁት ወይ ሲለኝ፣ «እሺ፣ እንፈልጋለን» አልኩት። ሰውዬው ክው አለ። «እህቴ፣ አሞሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አሞኝ ነበር።

ምክር ግን በሽ በሽ ነበር። አንዷ «የሰው ዓይን ነው» አለችኝ። አንዷ «አግቢ» አለችኝ፤ ያገባሁ ጊዜ እንዴት እንደነበርኩ ረስታ ነው። አለቃዬ «ምን ጎደለሽ? ደሞዝሽን ትበያለሽ» አለኝ። የጎደለኝን ባውቅማ ኖሮ በደብዳቤ እጠይቀው ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ወርጄ ሐኪም አየሁ። የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ቀጭን፣ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ልጅ። ሁሉን ሰምቶ ድባቴ እንደሚባል ነገረኝና ክኒን አዘዘልኝ። «ከጥቅሙ በፊት ጣጣው ይቀድማል» አለኝ። «ያቅለሸልሽሻል፣ ያልብሻል፣ አፍሽ ይደርቃል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ሊያዛጋሽም ይችላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሽው። በራስሽ ጊዜ ግን እንዳታቋርጪ። ከከበደሽ ደውይልኝ።» ስልኩን ካርዴ ላይ ጻፈልኝ። እኔም እንደ ጨዋ ሰው እሺ ብዬ ተመለስኩ።

ልጁ ቃሉን ጠባቂ ነው። የዘረዘረው ጣጣ አንድ ሳይቀር መጣ።

መጀመሪያ የመጣው ማቅለሽለሹ ነው። ጎረቤቴ ሽንኩርት ስታቁላላ እኔ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ባሏን የፈታች ሴት ጠዋት ጠዋት ስታስመልስ መሐል ሜዳ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱ። ለአሥር ቀን ያህል ነፍሰ ጡር ነበርኩ። አባትየውም ተገኝቶልኝ ነበር፤ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው አሉ። ምስኪኑ ሰውዬ እኔን ሲያይ መንገድ መቀየር ጀመረ።

ቀጥሎ ላቡ መጣ። መሐል ሜዳን በሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው የበግ ጠጉር ባናውን ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ፣ አሁንም ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እኔ ሹራቤን አውልቄ በፋይል ክዳን አራግባለሁ። መስኮት ክፈቱ ስል አብረውኝ የሚሠሩት እንደ እብድ አዩኝ። አፌም ደረቀ፤ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር እኔ ውሃ እጎነጫለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ማኅተሙ ጠማማ እየሆነ አስቸገረ። አንድ ደብዳቤ ላይማ ማኅተሙ ተገልብጦ አርፏል፤ እስከ ዛሬ ማንም አላየውም፣ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የለምና።

በሦስተኛው ሳምንት ማዛጋቱ ገባ። ሐኪሙ ሲነግረኝ ንቄው ነበር። ማዛጋት ምን በሽታ ነው? ግን ይሄኛው ሌላ ነው። እንቅልፍ የለበትም፣ ድካም የለበትም። ዝም ብሎ መንጋጋዬ ሊወልቅ እስኪደርስ አፌ ይከፈታል፣ ዓይኔ እንባ ያቀራል፣ ይዘጋል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይመለሳል። ለሐኪሙ ደወልኩለት። «የሚጠበቅ ነው፣ እየቀለለ ይሄዳል፣ ሌላው ነገርሽስ?» አለኝ።

ሌላው ነገሬማ መልካም ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ባለጉዳይ ጠረጴዛዬን በጡጫ ሲመታው ከወንበሬ ተነሳሁና አንድ በአንድ ነገርኩት። ከፋሲካ ጀምሮ ያልተናገርኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሰውዬው ሲወጣ ልቤ ይመታ ነበር፣ ፊቴ ይግል ነበር። እሰይ፣ መጣሁ አልኩ። በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ። ምሳ ቤት ገብቼ አንድ ሽሮ ጨርሼ ሌላ አዘዝኩ፣ አቀርቅሬም አለቀስኩ። ያ ክኒን ወደ ራሴ እየመለሰኝ ነበር። ሌላ መሄጃ አልነበረኝም፤ እሱን ይዤ መቆየት ብቻ ነበረብኝ።

እንግዲህ የማርያም ማኅበር እትዬ ቤት የደረሰው በዚህ መካከል ነው።

እኔም እትዬም የማኅበሩ አባላት ነን። ወር በገባ በሃያ አንድ ተራ የደረሳት ትደግሳለች፤ መምሬ መጥተው ይጸልያሉ፣ ተአምሯን ያነባሉ፣ ከዚያ ዳቦው ይቆረሳል። በእኛ አገር ደግሞ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሲጸለይና ሲነበብ የሚያዛጋው ሰው ብቻውን አይደለም። በውስጡ ያለው ነገር መጽሐፉን ሲሰማ ይጨንቀዋል፣ መውጫ ሲፈልግ ሰውየውን ያዛጋዋል ይባላል። እኔም እንደ ሰዉ ስለዚህ ነገር ስሰማ ነው ያደግሁት። በእኔ ይደርሳል ብዬ ግን ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

መምሬ መጽሐፉን ገለጡ፣ ሁላችንም ቆምን። ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳይጨርሱ አዛጋሁ። በነጠላዬ ሸፈንኩት። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው ድምፅ ነበረው። አጠገቤ የቆመችው ሴት ከእኔ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። መምሬ ንባባቸውን ቀስ አደረጉ፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ዝም ሲሉ እኔም ዝም አልኩ። ሲቀጥሉ ቀጠልኩ። አምላኬን፣ ሆን ብዬ ብሠራው እንኳ እንዲያ አይገጥምልኝም ነበር።

«ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» አሉኝ።

«ደኅና ነኝ አባቴ። የምወስደው ክኒን ነው የሚያዛጋኝ።»

ከጥግ አንዲት ሴት «ሰማችሁት? ክኒን ነው አለ!» ብላ ጮኸች።

አለ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወንድ ሆንኩ። ከአሁን በኋላ የምናገረው ሁሉ የእኔ ንግግር አይደለም፣ የእሱ ነው። ተቆጣሁና «ምን አባታችሁ ያፈጥጣችኋል?» አልኩ። «ተቆጣ!» አሉ። ዝም አልኩ። «አደፈጠ!» አሉ። ላቤን ጠረግሁ፣ «አቃጠለው!» አሉ። ማቅለሽለሹ፣ የእጄ መንቀጥቀጥ፣ ያ በስንት መከራ የተመለሰው ቁጣዬ ሳይቀር አንድ በአንድ ተቆጥሮ ለሰይጣኑ ተሰጠ። ያን ቀን አንድ ጥሩ ነገር ሆነልኝ ከተባለ፣ እርግዝናዬ ቀረ።

እትዬ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ደርቃ ቆማ ነበር። «በእኔ ቤት! በእናታችን ቤት!» ብላ እዬዬዋን አቀለጠችው።

ፍልሰታ እንደገባ ጠበል ይዛኝ ሄደች። ነገሬ እንዳይጣመምብኝ እንጂ እኔ ጠበል አልጠላም፤ ተጠምቄ ነው ያደግሁ፣ አሁንም እጠመቃለሁ። የጠላሁት እዚያ ያገኘነውን ሰው ነው። ቄስ አይደለም፣ ዲያቆንም አይደለም። ጸጉሩን አሳድጎ አንገቱ ላይ ሦስት መቁጠሪያ ያንጠለጠለ፣ አጥማቂ ነኝ ባይ ጎረምሳ ነው።

ውሃው ሲወርድብኝ ጮህኩ። በነሐሴ፣ በእኛ ደጋ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ያ ውሃ አናቱ ላይ ወርዶበት የማይጮህ ሰው ካለ፣ ሰይጣን ያለበት እሱ ነው።

«ጮኸ!» አለ ጎረምሳው። «ስምህ ማን ነው?»

ስሜን ነገርኩት።

«ዋሸ! ከየት ነው የያዝካት?»

ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቷል፣ ተናድጃለሁ። «ከመዝገብ ቤት!» አልኩት።

ለማፌዝ ነበር። እሱ ግን ወደ ሰዉ ዞሮ በከባድ ድምፅ «የመዝገብ ቤት መንፈስ ነው፣ ይሄ አስቸጋሪ ነው» አለ። ሰዉም ራሱን ነቀነቀ። መሥሪያ ቤታችን መጥቶ ጉዳይ አስፈጽሞ የሚያውቅ ሁሉ አመነ።

ከዚያ እትዬን ጠራትና፣ መንፈሱ ክኒኑ ውስጥ እንደተሸሸገ፣ ክኒኑ እስካለ ድረስ ጠበሉ እንደማይሠራ ነገራት። እትዬ ቦርሳዬን ከፈተች። የአንድ ወር ክኒን ነበር። እጇን ያዝኳት።

«እትዬ፣ ተይ። እየተሻለኝ ነው።»

«እሱ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ።»

«እኔ ነኝ እትዬ። ሐኪሙ አታቋርጪ ብሎኛል።»

«እንግዲያው ምረጪ» አለችኝ እያለቀሰች። «ይሄን ካልጣልሽ እህቴ አይደለሽም። ደጄን እንዳትረግጪ። ስሞትም እንዳትቀብሪኝ።»

በዓለም ላይ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እጇን ለቀቅሁ፣ እሷም ክኒኑን ከነካርቶኑ ቁልቁል ገደል ወረወረችው። ጎረምሳው እልል በሉ አለ፣ እልል ተባለ።

የመጀመሪያው ሳምንት የእነሱ ነበር። ማዛጋቱ ቆመ! ላቡ ቆመ! እትዬ ቤት ለቤት እየዞረች አወራች። እኔም ራሴ ተጠራጠርኩ፤ ምናልባት እውነታቸውን ይሆን አልኩ። ከዚያ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ኮረንቲ ነዘር የሚያደርግ ነገር ጀመረኝ። ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር ነዘር። ያለ ነገር አለቅሳለሁ። ነሐሴ ሳያልቅ ያ የድሮው ነገር ተመልሶ መጣ፣ ብሶበትም መጣ። ሥራ መሄድ አቃተኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ለሐኪሙ ደውዬ ጣልኩት ማለት አፈርኩ። እኔ ሰው አፍሬ አላውቅም፤ ያኔ ግን አፈርኩ።

እትዬ በየቀኑ ትመጣ ነበር። መጀመሪያ ጠበል በጄሪካን አመጣች። ቀጥላ እምነት አመጣችና ግንባሬን ቀባችኝ። ከዚያ የገብስ አጥሚት አመጣች፤ አልጠጣሁትም። በኋላ ምንም ሳትይዝ መጥታ እግሬ ሥር ትቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጣ ሳለ፣ «ውስጥሽን ምን ይልሻል?» አለችኝ።

ከፋሲካ ጀምሮ ከሐኪሙ በቀር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳት። «አለመነሳት ነው የሚያሰኘኝ እትዬ። እንዲህ እንደተኛሁ ብቀር።»

እትዬ ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። በኋላ እንደሰማሁት መናኸሪያ ነበረች። ያን ሰሞን መኪና የሚገኝበትም የማይገኝበትም ቀን ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቃ በሦስተኛው ተሳፈረች። እትዬ መኪና ሲሸታት የሚያስመልሳት ሴት ናት። ከጎረቤት ከተማችን ከዘመሮ ወዲያ በእግሯም በመኪናም ሄዳ አታውቅም። ማንበብም አትችልም። ካርዴን ከትራሴ ሥር ወስዳ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ላገኘችው ሁሉ እያሳየች ደብረ ብርሃን ደረሰች።

ስልኬ ጮኸ። ሐኪሙ ነበር፣ በእትዬ ስልክ። ምን እንደተሰማኝ፣ ምን እንደማስብ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ሳልደብቅ ነገርኩት። «ለምን አልደወልሽልኝም?» አለኝ። «አፈርኩ» አልኩት። «ሌላ ጊዜ እያፈርሽም ቢሆን ደውይ። አሁን ከትንሹ መጠን እንደገና እንጀምራለን። እህትሽ አጠገብሽ ትሁን፣ በሳምንት አንዴ እደውላለሁ» አለኝ።

እትዬ በማግስቱ ከሰዓት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። መንገድ ላይ አራት ጊዜ አስመልሷታል። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ ክኒኑን አወጣች፣ ውሃ ቀዳች።

«ማዛጋቱ ከክኒኑ ነው አለ ሰውዬው» አለችኝ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየች። «ዋጪ።»

ዋጥኩ።

«ምላስሽን አንሺ።»

አነሳሁ። እንደ እስር ቤት ጠባቂ አጎንብሳ አየች። ይቅርታ አላለችም። ይቅርታ ማለት እትዬ የማታውቀው ነገር ነው፤ በዚያ ፈንታ ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ቤት አደረች።

ጣጣው እንደገና ከአንድ ጀመረ። ማቅለሽለሹ፣ ላቡ፣ ማዛጋቱ። በዚህኛው ዙር ግን ጠባቂ ነበረኝ። ባዛጋሁ ቁጥር እትዬ «ይሄው፣ እየሠራ ነው» ትላለች። ያው ማዛጋት፣ በነሐሴ ሰይጣን፣ በመስከረም ፈውስ ሆነ። ጥቅምት ሲገባ ማዛጋቱ ቀለለ፣ እኔም ሥራ ገባሁ። በገባሁ በሁለተኛው ቀን ከሾፌሩ ጋር ተጣላሁ፤ ደስ አለኝ።

አሁን ነው ጉዱ። እትዬ ክኒኑን ማምጣቷን ለማንም አልተናገረችም። እንዴት ትናገር? ቤት ለቤት ዞራ ሰይጣን ወጣላት ብላለች። ስለዚህ የዳንኩት በጠበሉ ነው ተባለ። በየወሩ ማኅበር ላይ ሴቶቹ እኔን እያዩ «ወይ ተአምር! ምን ነበር የሆነው?» ይላሉ፣ እትዬም ትመሰክራለች። በመስከረም ምስክርነቷ ላይ እኔ ጮኼ ወደቅሁ። በጥቅምት ከአፌ ጥቁር ጭስ ወጣ። በኅዳር ደግሞ በሦስት ቋንቋ ተናገርኩ፣ አንዱ ዓረብኛ ነው። እኔ እንኳንስ ዓረብኛ፣ የመሥሪያ ቤቱን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በልምምጥ ነው የማስነብበው።

በሌላ በኩል ይህችው ሴት በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትደውልልኛለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «ዋጥሽው?» ብቻ። አዎ ስላት ትዘጋዋለች።

እኔም ዝም አልኩ። ለብቻዬ እየሳቅሁ ዝም አልኩ። እትዬ እንዳታፍር ብዬ ነው እላለሁ፤ ግን እኔም ተመችቶኝ ነበር። የክኒን በሽተኛ ከመባል ጠበል ያዳናት መባል ይሻላል። አንዲቷን ይፈሯታል፣ ለሌላዋ ዳቦ ይቆርሱላታል።

የኅዳር ማኅበር ላይ፣ ዓረብኛው እንዳለቀ፣ ዘርፌ የምትባል አባል ተነሳች። ዘርፌ አንድ ሴት ልጅ አለቻት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ አንዴ እሳት ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል። ክኒን ከጀመረች ወዲህ ግን ወድቃ አታውቅም፣ ትምህርት ቤትም ትሄዳለች።

ዘርፌ እንባዋ እየወረደ፣ «እትዬ አስካለ፣ እህትዎን ያዳነች እመቤት የእኔንም ልጅ አትጨክንባትም» አለች። «እስከ መቼ በክኒን? ነገ አስጥላትና ይዣት እወጣለሁ። እርስዎ አብረውኝ ይሂዱልኝ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። መምሬ «አሜን» ለማለት ነው መሰለኝ አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። ክኒን ማስጣል ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ቤት ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ። ዘርፌን አየኋት፣ ልጅቱን አሰብኳት፣ ያንን ክንዷን አሰብኩ። ዳቦውን አላመጥኩ።

እትዬ ጠላ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

«ዘርፌ፣ ተይ።»

«ምነው እትዬ?»

«እንዳታስጥያት። ውሸቴን ነው።»

እትዬ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷ ደግሞ ምንም ክኒን አትወስድም።

«ጭስም አልወጣ፣ ዓረብኛም የለ» አለች። «ክኒኗን እኔ ነኝ ገደል የጣልኩት። ከዚያ ልትሞትብኝ ነበር። ቀብሬያት ነበር በልቤ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ለምኜ ያመጣሁላት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ጠዋት ውጣለች። ልጅሽን ጠበል ውሰጃት፣ እኔም አብሬሽ እወጣለሁ። ክኒኗን ግን እንዳትነኪባት። በማርያም ይዤሻለሁ።»

ዘርፌ እንደቆመች እኔን አየችኝ። እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። ዳቦው ገና አልወረደልኝም ነበር።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እኔም ክኒን ጣሉ ብዬ አላውቅም፣ ሁለቱም ይያዛል» አሉ። ይህን በሐምሌ ቢሉት ምን ነበረበት አልኩ፣ በሆዴ።

ዘርፌ ልጇን ክኒኗን አላስጣለቻትም። ልጅቱ ዛሬም ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ ሳያት ቶሎ ዓይኔን እሰብራለሁ። እኔም ክኒኔን እወስዳለሁ፣ ሐኪሙ ይበቃል እስኪለኝ። እትዬ ግን ዋጋ ከፍላለች። ማኅበርተኛው ሁሉ ዋሾዋ ይላታል። ያቺ ከጥግ የጮኸችው ሴት እንዲያውም፣ መንፈሱ ከእኔ ወጥቶ እትዬ ላይ ሰፍሯል፣ ያን ቀን ያናገራት እሱ ነው ብላ ታስወራለች። ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሄጄ የሚገባትን ነግሬያታለሁ፣ ደጋግሜም እነግራታለሁ።

ግን እሷን መሳደብ ምን ይጠቅማል? ሁለተኛው ምክንያት ያልኩት ይኼ ነው። እትዬ ያን ቀን ጥቂት ብትዘገይ እኔ እናገር ነበር ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አልናገርም ነበር። ዳቦዬን ውጬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ከእነሱ ጋር እልል እል ነበር። ይህን ለእትዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እሷ እንደሆነች፣ አፍሽ በዳቦ ተይዞ ነው ዝም ያልሽ ብላ ለሰው ሁሉ ትከራከርልኛለች።